የተጋገረውን ማን ጋገረው?

መቼስ ማን እንዳቦካው ሳይጠይቅ ከሱቅ እንጀራ ገዝቶ የማያውቅ ከተሜ ያለ አይመስለኝም። ሊኑክስም ወደ ብዙ ሰው እጅ የገባው እንዲሁ ተጋግሮ ነው።

ሲጀመር ግን እንዲህ አልነበረም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያካፈለው ከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ብቻ ነበር። የቀረውን ፈልጎ መገጣጠም የፈላጊው ፋንታ ነው፤ ዱቄቱ ይኸው፣ ምጣዱን ራስህ ፈልግ እንደማለት! በ1992 የማንቸስተር ኮምፒውተር ማዕከሉ ኦወን ለ ብላንክ በፍሎፒ ዲስኮች አሰናድቶ አቀረበው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ይግድራሲል የተባለው በሲዲ መጣ።

ነገሩን ያጣፈጠው ግን ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። በ2000 ባወጣው ክኖፒክስ፣ ሁለት ጊጋባይት ገደማ ሶፍትዌር አጭቆ 700 ሜጋባይት በምትይዝ አንዲት ሲዲ ከተተው። ሲዲውን ማስገባት፣ ኮምፒውተሩን ማስነሳት፣ አለቀ። ሀርድ ዲስኩ አይነካም። ዊንዶውሳቸው አልነሳ ያላቸው ስንቶች ፋይላቸውን ያተረፉት በእሱ ነው።

እንዲህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከነፕሮግራሞቹ፣ ከነማስተካከያው የያዘው አንድ ፋይል ኢሜጅ ይባላል። ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር በሆነው ቨርቹዋል ማሽን ልታስነሱት ትችላላችሁ።

ጋዜጠኝነት የተማርኩት እኔ እዚህ ወሬ ውስጥ የገባሁት በቴይልስ ምክንያት ነው። በ2009 የተጀመረው ይህ ኢሜጅ ከፍላሽ ይነሳል፤ የኢንተርኔት ግንኙነቱን በሙሉ በቶር በኩል ያሳልፋል፤ ሲዘጋም በኮምፒውተሩ ላይ ዱካ እንዳይተው ተደርጎ የተሠራ ነው። በ2013 በኤድዋርድ ስኖውደን ሰነዶች ላይ የሠሩት ላውራ ፖይትራስና ግሌን ግሪንዋልድ ተጠቅመውበታል። እንግዲህ አንድ ሰው ስሜን ደብቂልኝ ብሎ ምስጢሩን ሲሰጣችሁ፣ ያመነው እናንተን ብቻ ሳይሆን የፍላሻችሁን ጋጋሪም ጭምር ነው።

ጋጋሪው ንጹሕ ቢሆንስ? መንገድ ላይ የሚቀይረውስ? ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሆነው ይኸው ነው። ሰርጎ ገቦች በብዙዎች ዘንድ የተወደደውን የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው ገቡና የዳውንሎድ ማስፈንጠሪያውን ወደ ራሳቸው ኢሜጅ አዞሩት። መልኩ ያው ሚንት ነው፤ ውስጡ ግን የጓሮ በር ተከፍቶለታል። የዚያን ዕለት 17.3 ሲናሞንን ከድረ ገጹ ያወረደ ሰው ኮምፒውተሩን ከነቁልፉ አስረከበ ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

የፋይሉን የጣት አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላውን ረጅም ቁጥር ማመሳከር ይረዳል። ግን ቁጥሩም የተሰበረው ገጽ ላይ ከተቀመጠ ሌባው እሱንም መቀየር ይችላል። ስለዚህ አዘጋጆቹ በምስጢር ቁልፋቸው የሚያኖሩት ዲጂታል ፊርማ የተሻለ ዋስትና ነው። እሱም ቢሆን ማን እንደጋገረው እንጂ ምን እንደጨመረበት አይነግራችሁም።

ለዚህኛው ጥያቄ የዴቢያን ሰዎች በ2013 ሌላ ሥራ ጀመሩ፦ ማንም ሰው ያንኑ የምንጭ ኮድ ወስዶ ቤቱ ቢጋግረው አንዲት ቢት እንኳ ሳትለይ ያው ፋይል እንዲወጣ። ቀላል ይመስላል አይደል? ካስቸገሯቸው ነገሮች አንዱ ሰዓት ነበር። ብዙ ፕሮግራሞች የተጋገሩበትን ቀንና ሰዓት ሆዳቸው ውስጥ ስለሚጽፉ፣ ዛሬ የተጋገረውና ነገ የሚጋገረው አይመሳሰሉም። በየፕሮግራሙ እየገቡ ያንን ነቀሉ። የቴይልስ ኢሜጅ እዚህ ደረጃ የደረሰው በኖቬምበር 2017፣ በ3.3 እትሙ ነው።