ከብዙ እንጀራ በኋላ የመጣ ካሜራ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሣት በሚጎርፉበት ሰዓት ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከሚንጎራደዱት መካከል ትናንት ሌላ እንጀራ የነበራቸው አይጠፉም። ሰዉ፣ «ሥራ ሲጠፋ ፎቶ አንሺ ሆነ» ብሎ ያልፋቸዋል። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አልመሰለንም። ለመሆኑ ሰው ከብዙ ሥራ በኋላ ካሜራ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል? ወይስ ያው የድሮው ሰው ሌላ ዕቃ ጨበጠ? ታሪክን እንጠይቅ። (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ከጣናችን ብንጀምር ሜጀር ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ አለ። ወታደር ነበር፤ ኢራቅ ውስጥ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ጸሐፊ ነበር፤ የዐረብ በረሃ አሳሽና የአዕዋፍ ተመራማሪም ነበር። ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ሲቀመጥ ዐባይን ተከትሎ ሄደ፣ ጣናን ዞረ፣ የደሴቶቹን ገዳማት ጎበኘ። ያየውን በ1936 በመጽሐፍ ሲያወጣ ፎቶግራፎቹንም ጨመረበት። ይሁን እንጂ ቺዝማንን ካሜራ አልለወጠውም፤ ካሜራው የካርታው አሽከር ሆኖ ቀረ። እንለፈው።

የሐረሩ ራምቦ ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሃያ አንድ ዓመቱ ግድም ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። በ1876 ለሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ድረስ ሄደና ከዳ፤ ቆጵሮስ ላይ የድንጋይ ካባ አለቃ ሆነ፤ በ1880 ኤደን ላይ ቡና ነጋዴዎች ዘንድ ተቀጠረና በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ገባ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕድሜው ገና ሃያ ስድስት ነው። ስንቱን እንጀራ በላ!

ታዲያ እዚያ ሆኖ ምን ተመኘ? ካሜራ! ስለ ሐረርና አካባቢዋ ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ሊያቀርብ አሰበ። ዕቃው ከሊዮን ታዞ በ1883 እጁ ገባ። በግንቦት ወር ለቤተ ሰቡ የራሱን ሦስት ምስሎች ላከ፤ አንዱ በቤቱ ሰገነት፣ አንዱ በቡና አትክልት፣ ሌላው በሙዝ አትክልት ውስጥ ቆሞ። ምስሎቹ ነጣ ብለዋል። ጥፋቱን በመጥፎ ውሃ አላከከ። እውነቱን ነው፤ ፎቶግራፍ በብዙ ንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ውስጡ የቀረው ኬሚካል ብሩን ይበላዋል። (ጣና ዳር ቢሆን ኖሮ እንዳንል፣ የእኛም ውሃ ክረምት ላይ ድፍርስ ነው።)

ስለ ራምቦ የሚጽፉ ሰዎች እነዚያን የፊቱን ምስሎች ብቻ ሲያገላብጡ ይኖራሉ። እኛን የሚስበን ሌላው ነው፦ ዳቡላ የሚባለውን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ የሐረር ሰው። ከራሱ ሌላ ምንም የማይታየው የሚመስለው ያ ኩሩ ገጣሚ ለአንዲት ቅጽበት ሌላ ሠራተኛን አየ። ለእኛ ለውጡ እዚህ ላይ ነው። ምን ያደርጋል፣ መጽሐፉ ሳይወጣ ቀረ፤ በ1885 ካሜራውን እያዘነ፣ ግን ሳይከስር፣ ሸጠው። ከዚያም ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ወጣ፤ በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ። የከረጢት ሠሪው ስም አልተጻፈም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሚካኤል ፀጋዬ አለ። በ1975 አዲስ አበባ ተወልዶ በ2002 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመረቀ። የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማው ሲል ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሣ። አንዱ ሥራው በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ ተለጥፈው ፀሐይና ዝናም የበላቸውን የሟቾች ፎቶግራፎች የሚያሳይ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው «ሥራ ሲጠፋ» የሚለው ማን ነው? ቀለሙ ከለከለው እንጂ ዓይኑ አልከለከለውም።

አሁን ስልክ መጣና የዳርቻው ፎቶ አንሺዎች ገበያ ቀዝቅዟል። ከእነሱ በፊት የነበሩት የፊልም ዘመን ሰዎች ያነሡትስ? የደንገል ታንኳው፣ ሠርጉ፣ ምረቃው በየጓዳው በካርቶን ታጭቆ የተቀመጠ ኔጋቲቭ ካለ እርጥበት ሳይጨርሰው ይሰብሰብ እንላለን። የታሪክ ተማሪዎች ከየፎቶ ቤቱ ደጃፍ ይጀምሩ፤ የአንሺውንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ሥራም፣ የተነሺውንም ስም ከጀርባው ይጻፉበት።