«የሰካራም በሽታ» የተባለው ረሀብ

እ.ኤ.አ. በ1881 ካርል ቨርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ አንጎል በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፍ የሦስት ሕሙማንን ታሪክ አሰፈረ። ሁለቱ የለየላቸው ጠጪዎች ነበሩ። ሦስተኛዋ የሃያ ዓመት ልብስ ሰፊ ናት። ራሷን ለማጥፋት የሰልፈር አሲድ ጠጥታ፣ ከሞት ብትተርፍም ሆዷ በመጎዳቱ የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልስ ነበር። የሦስቱም የዓይን እንቅስቃሴ ተሳሰረ፤ እግራቸው ተውገረገረ፤ አእምሯቸው ዞረ። ሦስቱም ሞቱ።

ስለዚህ በሽታ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚመለሰው ወደዚህች ልብስ ሰፊ ነው። ጠጪ አልነበረችም። የገደላት ምግብ በሆዷ አለመርጋቱ ነው። የበሽታው ምስጢር እንግዲህ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ምስጢሩ እስኪፈታ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። ለምን? ሁለቱ ጠጪዎች ዓይን ስለሞሉ ይመስለኛል። በእኛም ዘንድ አንዱ አእምሮውን ሲስት «አረቄ ጭንቅላቱን በላው» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ጥፋተኛው ከተገኘ ምርመራው ያበቃል።

በዚያው ዘመን ሰርጌ ኮርሳኮቭ የሚባል ሐኪም ሞስኮ ውስጥ ሌላ ዓይነት በሽተኞች ይመለከት ነበር። እነዚህ ያለፈ ዘመናቸውን አሳምረው ያወራሉ፤ ዳማ ተጫወቱ ቢባሉ በብልሃት ይጫወታሉ። ገበታው ከፊታቸው ሲነሣ ግን መጫወታቸውን ጭምር ይረሳሉ። የጎደለውን ትዝታ ባልሆነ ወሬ ይሞሉታል፤ እየዋሹ አይደለም፤ እነርሱ ራሳቸው ያምኑታል። ኮርሳኮቭ ከበሽተኞቹ መካከል ጠጥተው የማያውቁ እንዳሉ ጽፏል። ይህንንም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዛሬ ሁለቱ ሐኪሞች ያዩት የአንድ በሽታ ሁለት ደረጃ እንደሆነ ታውቆ፣ ስማቸው ተጣምሮ ይጠራል።

የመፍቻው ቁልፍ የተገኘው ከመጠጥ ቤት ሳይሆን ከዶሮ ቤት ነው። በ1890ዎቹ ሆላንዳዊው ክርስቲያን አይክማን በባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ቤሪቤሪ የተባለውን እግር አስሮ ልብ የሚያደክም በሽታ ሲያጠና፣ ዶሮዎቹ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ሲበሉ እንደሚታመሙ፣ ያልተፈተገውን ሲበሉ ደግሞ እንደሚድኑ አስተዋለ። ከሩዙ ላይ ተፈትጎ የሚጣለው ቅርፊት አንድ ነገር ይዟል። ያ ነገር በ1926 እዚያው ባታቪያ ተነጥሮ ወጣ፤ በ1936 ሮበርት ዊልያምስ በአሜሪካ በላቦራቶሪ ሠራው። ታያሚን፣ ወይም ቫይታሚን ቢ አንድ፣ የምንለው ነው። በኦክስፎርድ ሩዶልፍ ፒተርስ በነጭ ሩዝ የታመሙ እርግቦችን አንጎል መርምሮ፣ ያለዚህ ቫይታሚን አንጎል ስኳርን አቃጥሎ ኃይል ማግኘት እንደሚሳነው አሳየ።

የማያዳግመው ማስረጃ የመጣው ግን ከእስር ቤት ነው። ሲንጋፖር በየካቲት 1942 በጃፓን እጅ ስትወድቅ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ወታደሮች በቻንጊ ታጎሩ። ቀለባቸው ነጭ ሩዝ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ፣ በተለይም ተቅማጥ የደቆሳቸው፣ ዓይናቸው ይርገበገብ፣ አእምሯቸው ይዛባ ጀመር። ሂዩ ደ ዋርድነር የተባለ ወጣት ሐኪም ይህን አይቶ የቨርኒከ በሽታ ነው አለ። በካምፑ ውስጥ የሚጠጣ ነገር የለም! በእጁ ከነበረችው ጥቂት ታያሚን ሲወጋቸው ብዙዎቹ በፍጥነት ተሻላቸው። የሞቱትን ደግሞ በርናርድ ሌኖክስ አስከሬናቸውን እየመረመረ የአንጎላቸውን ጉዳት አረጋገጠ። የሕሙማኑ መዝገብ በጠባቂዎቹ እጅ እንዳይገባ በቆርቆሮ ታሽጎ በመቃብር ውስጥ ተቀበረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ተቆፍሮ ወጣ። የ52 ሕሙማን ታሪክ በ1947 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ ምስክር አገኘች።

ታዲያ መጠጥ ነፃ ወጣ ማለት ነው? የለም። መጠጥ እህል ያስረሳል፤ የተበላውም ታያሚን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። በራሱም የአንጎል ሕዋሳትን ይጎዳል። ነገር ግን ከጉዳቱ እጅግ ፈጣኑ በርካሽ መርፌ የሚመለስ ነው፤ መርፌው በጊዜ ከተወጋ። አጥብቆ የሚያስቆጨውም ይኸው ነው። የአውስትራሊያው ክላይቭ ሃርፐር በ1986 ባወጣው ጥናት በሽታው በአስከሬን ምርመራ ከታወቀባቸው 131 ሰዎች ውስጥ በሕይወት ሳሉ የተደረሰላቸው ከመቶ ሃያ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት «ሰክሯል» ተብለው ታልፈዋል ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም።

አውስትራሊያ ከ1991 ጀምራ ለዳቦ ዱቄት ታያሚን እንዲጨመር በሕግ ደነገገች፤ በሽታውም ቀነሰ። ቀድሞ በ1978 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ቫይታሚኑ ከነአካቴው በመጠጡ ውስጥ ይጨመር የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ተቃዋሚዎች ጠማቂዎች «ቢራችን ለጤና ይበጃል» ብለው ያስተዋውቁበታል ሲሉ ሞገቱ። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ቢሆንም እኔ ሐኪሞቹ የታዩኝ ከሁሉ ይልቅ ጠጪውን እንደ ሰው የቆጠሩ ሆነው ነው።

ዛሬ ደግሞ ተራው የናኖ ቁሶች ሆኗል። ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ተመራማሪዎች ይህን ያህል ያነሱ ነገሮችን የሚሹበት አንዱ ምክንያት ጥንታዊ ነው፤ ጳውል ኤርሊኽ በ1885 በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ሲወጋ ሌላው አካል ሲቀለም አንጎል ሳይነካ እንደቀረ አይቶ ነበር። አንጎል በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ዘበኛ አለው። ታያሚን የራሱ አሸጋጋሪ ስላለው ዘበኛው ያሳልፈዋል፤ ሌሎች ብዙ መድኃኒቶች ግን ይመለሳሉ። እነርሱን በናኖ ቅንጣት ሸፍኖ ማሳለፍ የብዙ ላቦራቶሪዎች ሕልም ነው።

ሌሎች ደግሞ አልኮሉ አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ ለመጥለፍ ተነሥተዋል። በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሁለት ኢንዛይሞች በናኖ ልባስ ተጠቅልለው በሰከሩ አይጦች ላይ ተሞከሩ፤ የደማቸው አልኮል በፍጥነት ቀነሰ። በ2024 በዙሪክ የራፋኤሌ መዜንጋ ቡድን ከአይብ ውሃ ፕሮቲን ለሰዓታት ቀቅሎ ቀጫጭን ክሮች አወጣ፤ ክሮቹ ላይ የብረት አተሞች አሰፍሮ እንደ ገንፎ የሚልመጠመጥ ጄል ሠራ። ጄሉ አልኮልን በአንጀት ውስጥ ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በአቼቶ ውስጥ ወዳለው አሲድ ይለውጠዋል። ጄሉን የወሰዱ አይጦች ደም ከግማሽ ሰዓት በኋላ 40 በመቶ ያነሰ አልኮል ነበረበት።

ጄሉ የሚሠራው ግን መጠጡ ገና በሆድና በአንጀት ሳለ ነው። ደም ውስጥ የገባውን አይነካም፤ እህል ሳይቀምስ ለከረመ ሰውም ታያሚን አይሆነውም።