በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ዙሪያ የሚደረግ የጨረራ ክትትል

የአካባቢ ጨረራ ክትትል በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ዙሪያ ካለው አየር፣ ውሃ፣ አፈር፣ ሣር፣ ወተት፣ ዓሣና አዝመራ በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ፣ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ገብቶባቸው እንደሆነ የመለካት ሥራ ነው። ማመንጫው በጭስ ማውጫውና በፍሳሽ ቱቦው አፍ ላይ የሚያደርገው ልኬት ከግቢ የሚወጣውን ይቆጥራል። የአካባቢ ክትትል ደግሞ የወጣው የት ደረሰ፣ ማን ተነፈሰው፣ ማን በላው ብሎ ይጠይቃል። በደንብ የሚሠራ ማመንጫ የሚለቀው እጅግ ጥቂት በመሆኑ መዝገቡ ዓመት ከዓመት «አልተገኘም» በሚል ቃል ይሞላል። ጸጥ ባሉት ዓመታት የተጻፈው ይህ ቃል ክፉ ቀን ሲመጣ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይፈለጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማመንጫው ከመቆሙ በፊት

ምድር ጨረር አልባ ሆና አታውቅም። አንድ ሰው ከተፈጥሮ የሚደርሰው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ግማሽ ያህሉ ከአፈርና ከድንጋይ ከሚወጣው ራዶን ከተባለው ጋዝ፣ የቀረው ከአለት፣ ከሰማይና ከምግብ ይመጣል። ባቄላና ድንች ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ፖታሲየም-40 ነው፤ በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ 4,000 ያህል የዚህ ንጥረ ነገር አቶሞች ይፈርሳሉ። በሰከንድ የአንድ አቶም መፍረስ አንድ ቤክሬል ይባላል። ሲቨርት ግን ጨረሩ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጫና መለኪያ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አንድን ዘገባ አንብቦ በከንቱ ሊደነግጥ ወይም በከንቱ ሊረጋጋ ይችላል።

ከተፈጥሮ በተጨማሪ ሰው የተወው ጠባሳም አለ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በአየር ላይ የተሞከሩት የኒውክሌር ቦምቦች በመላው ዓለም ሴሲየም-137 በትነዋል። ግማሽ ዕድሜው (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 30 ዓመት ስለሆነ ዛሬም ማመንጫ በሌለበት አገር አፈር ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ በማመንጫ አጠገብ ካለ ማሳ ሴሲየም ቢገኝ ከማመንጫው የወጣ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በምንድን ነው? የቀድሞው ልኬት ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ሪአክተሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አየሩ፣ ውሃው፣ ወተቱና አፈሩ ይለካል። ይህ መነሻ ልኬት ይባላል። በኋላ ተመልሶ የሚሠራ አይደለም፤ ያመለጠ እንደሆነ አመለጠ።

ነገሩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። አገሪቱ በሴፕቴምበር 2025 ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ከሰማይ የሚወርደው ጨረር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ይበልጣል፤ የአለቱም ዓይነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከሌላ አገር የተቀዳ ቁጥር ለመነሻ አይሆንም። ቦታው እንደታወቀ፣ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ አስቀድሞ፣ የአካባቢው ወንዝ፣ የላሙ ወተትና የገበሬው እህል ተለክቶ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

አየር፣ ዝናብና ከሰል

በማመንጫው ዙሪያ መሬቱ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ በአቅጣጫ ይከፈላል። በአሜሪካ አሠራር ክፍሎቹ 16 ናቸው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ መለኪያ በአጥሩ አቅራቢያ፣ ሌላው ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይሰቀላል። ብዙዎቹ መለኪያዎች ሽቦም ባትሪም የሌላቸው ትንንሽ ክሪስታሎች ናቸው። ለወራት ያገኙትን ጨረር በውስጣቸው ያጠራቅማሉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሞቁ ደግሞ ያጠራቀሙትን ያህል ብርሃን ይሰጣሉ። ከእነዚህ ጎን ውጤቱን ወዲያው የሚልኩ ኤሌክትሮኒክ ጣቢያዎች ይቆማሉ። ጀርመን ብቻዋን በአገሯ ሁሉ 1,700 ያህል ጣቢያዎች አሏት።

አየር መሳቢያው ሞተር ሌት ተቀን ይሠራል። አቧራው በወረቀት ማጣሪያ ላይ ይቀራል፤ ጋዝ ሆኖ ማጣሪያውን የሚያልፈውን አዮዲን ደግሞ ከኋላ ያለው የከሰል ቆርቆሮ ይይዘዋል። ናሙና ሰብሳቢው በየሳምንቱ እየመጣ ሁለቱንም ይቀይራል። ማጣሪያው ላይ ዘወትር የሚገኘው ቤሪሊየም-7 ነው፤ ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ከፍ ባለው አየር ላይ የሚፈጥረው፣ ከማመንጫ ጋር ዝምድና የሌለው ንጥረ ነገር ነው።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ዝናብ ነው። ዶፍ ሲወርድ በአየር ላይ የነበሩትን የራዶን ልጆች (ራዶን ሲፈርስ የሚፈጠሩትን ንጥረ ነገሮች) አጥቦ መሬት ላይ ያሳርፋቸዋልና የጣቢያው ንባብ ድንገት ሽቅብ ይወጣል። የእነዚህ ግማሽ ዕድሜ የግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆነ ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቁጥሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለዚህ ነው ደህና ጣቢያ ከጨረር መለኪያው አጠገብ የዝናብ መለኪያም የሚያቆመው።

የወተት መንገድ

ከሁሉም ናሙናዎች ወተት ልዩ ቦታ አለው። አዮዲን-131 ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሟ በቀን ሰፊ መሬት ስለምትግጥ የተበተነውን ሰብስባ በወተቷ ታወጣዋለች። ሕፃን ወተቱን ሲጠጣ አዮዲኑ አንገት ሥር ባለችው የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ይከማቻል። የሕፃን ዕጢ ትንሽ ስለሆነች ለአዋቂ ቀላል የሆነው መጠን ለእሱ ይከብዳል። አዮዲን-131 በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወተቱን ለጥቂት ሳምንታት መከልከል ብቻውን ብዙ ልጆችን ያድናል። የሚከለከለው ግን የለካ ሰው ካለ ነው።

ይህን እንግሊዝ በኦክቶበር 1957 አሳይታለች። በዊንድስኬል የነበረው፣ ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ያመርት የነበረ ሪአክተር ተቃጠለ። ባለሙያዎች ከአካባቢው እርሻ ወተት ሰብስበው ለኩ፤ በሊትር 3,700 ቤክሬል ገደማ አዮዲን-131 ከያዘ እንዳይሸጥ ወሰኑ። ክልከላው እየሰፋ ሄዶ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሸፈነ፤ ወተቱም ተደፋ። ከ29 ዓመት በኋላ የኒውክሌር ማመንጫ በፈነዳበት በቼርኖቤል አካባቢ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመንደሩ ወተት አልተከለከለም። በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በተበከለው የሩሲያ ክፍል በዚያን ጊዜ ልጆች ወይም ወጣቶች ከነበሩት መካከል እስከ 2005 ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕመሙን ያገኙት ከዚያ ወተት ነው። ሕክምናው አብዛኞቹን አትርፏል፤ ነገር ግን በሰዓቱ የተነገረ አንድ ልኬት ብዙውን ባስቀረው ነበር።

በአሜሪካ ማመንጫዎች ዙሪያ በየዓመቱ የሚደረገው ቆጠራ የመጣው ከዚሁ የወተት ስጋት ነው። ሠራተኞች እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ በ16ቱም አቅጣጫ እየዞሩ ቅርብ ያለው መኖሪያ ቤት፣ ቅርብ ያለችው የምትታለብ ላም ወይም ፍየል፣ እንዲሁም ከ50 ካሬ ሜትር የሚበልጥ የጓሮ አትክልት የት እንዳለ ይመዘግባሉ። አንድ ቤተሰብ ዘንድሮ ሁለት ፍየል ከገዛ የናሙናው ዕቅድ ይለወጣል። ከዚህ ሙያ ሥራዎች ሁሉ ለሰው እጅግ የቀረበው ይኸኛው ይመስለኛል፤ የኒውክሌር ሊቃውንት የደጋገሟቸው ስሌቶች መጨረሻቸው የአንድ ቤት ፍየል ናት።

በላቦራቶሪ

ናሙናው ላቦራቶሪ ሲደርስ ሥራው የወጥ ቤት ይመስላል። የዓሣው ሥጋ ከአጥንቱ ይለያል፣ ይከተፋል፣ ይመዘናል፣ መሐሉ ጎድጓዳ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሳይላላ ይታጨቃል። ዕቃው እንደ ቆብ በጀርማኒየም መለኪያው ላይ ይደፋና ከውጭ የሚመጣውን ጨረር የሚከለክለው ወፍራም የእርሳስ ሣጥን ይዘጋል። መለኪያው የሚሠራው በበረታ ቅዝቃዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ናሙናው ደካማ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይቆጠራል። ጠዋት ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው መስመር ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እዚህም እዚያም ቀጥ ያለ ጫፍ ይነሳበታል። 1,461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ የቆመው የፖታሲየም-40 ነው፣ ሁልጊዜም አለ። 662 ላይ ጫፍ ካለ ሴሲየም-137፣ 364 ላይ ካለ አዮዲን-131 ነው። ሴሲየም-134 አብሮ ከተገኘ ደግሞ ግማሽ ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ ምንጩ የዱሮ ቦምብ ሊሆን አይችልም፤ በቅርብ ዓመታት ከሪአክተር የወጣ ነው።

ስትሮንሺየም-90 እና ትሪቲየም በዚህ መንገድ አይታዩም። ለእነሱ የተለየ ኬሚካላዊ ሥራ ያስፈልጋል፤ ትሪቲየም ራሱ የውሃው አካል ስለሚሆን ውሃው ይነጠርና ብርሃን ከሚሰጥ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይለካል።

የስዊድኑ ጫማ

ኤፕሪል 28 ቀን 1986 ሰኞ ጠዋት በስዊድን ፎርስማርክ ማመንጫ አንድ ሠራተኛ በጨረር መፈተሻው በር ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሰውየው ጨረር ወዳለበት ክፍል ገና አልገባም ነበር። ሌሎችም እየተሰለፉ ሲያልፉ መሣሪያው መጮሁን ቀጠለ። ከአንዱ ሠራተኛ ጫማ ተወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲለካ ከራሳቸው ማመንጫ ሊወጣ የማይችል የንጥረ ነገሮች ቅልቅል ታየ። ከውጭ በዝናብ የወረደ ነበር። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲሰላ ወደ ሶቪየት ኅብረት አመለከተ፤ ሞስኮም የቼርኖቤልን አደጋ ያመነችው በዚያው ምሽት ነው። የቼርኖቤል ማመንጫ ከፎርስማርክ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የፎርስማርክ ባለሙያዎች «ይህ የእኛ አይደለም» ለማለት የቻሉት የእነሱ የሆነው ምን እንደሚመስል ቀድመው ስለሚያውቁ ነው።

ፉኩሺማ፤ መለኪያው ሲጠፋ

ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የፉኩሺማ ዳይቺን ማመንጫ ሲመቱ የአካባቢውንም መለኪያዎች አብረው አጠፉ። የፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከነበሩት 24 ጣቢያዎች 23ቱ አገልግሎት መስጠት አቆሙ፤ አንዳንዱን ባሕሩ ወሰደው፣ ሌላው መብራትና የመገናኛ መስመር አጣ። በግቢው ያሉት ስምንት መለኪያዎችም ኃይል ስለተቋረጠባቸው በመኪና እየዞሩ መለካት ግድ ሆነ። የጨረሩን አቅጣጫ የሚተነብይ ስፒዲ የተባለ ሥርዓት ነበር፤ የመጀመሪያው ውጤቱ ለሕዝብ የተገለጠው ግን ማርች 23 ነው። በዚህ መካከል ብዙ የናሚዬ ከተማ ነዋሪዎች ጹሺማ ወደሚባለው ሰሜን ምዕራባዊ መንደር ሸሽተው ነበር፤ ዋናው የጨረር ደመና ያለፈው በዚያው አቅጣጫ ነው። ሰው ልጆቹን ይዞ ከአደጋ ወደ አደጋ መሄዱ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ምዕራፍ ነው። ከመንግሥት መረጃ ያጡ በጎ ፈቃደኞች በዚያው ወር ሴፍካስት የተባለ ቡድን መሥርተው መለኪያ በመኪና ላይ እየጫኑ የራሳቸውን ካርታ ሠርተዋል።

ከዚያ በኋላ የተዘረጋው ክትትል እጅግ ሰፊ ነው። ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ ጃፓን ለምግብ ያስቀመጠችው የሴሲየም ጣሪያ በኪሎ 100 ቤክሬል፣ ለወተት 50፣ ለመጠጥ ውሃ 10 ነው። ባሕሩ ዛሬም ይጠናል፤ በሜይ 2023 ከማመንጫው ወደብ ውስጥ የተያዘ አንድ ዓሣ በኪሎ 18,000 ቤክሬል ሴሲየም ተገኝቶበታል። ከኦገስት 24 ቀን 2023 ጀምሮ በማመንጫው የተጠራቀመው ብክል ውሃ ተጣርቶ፣ በባሕር ውሃ ተበርዞ፣ ትሪቲየሙ በሊትር ከ1,500 ቤክሬል በታች ሆኖ፣ አንድ ኪሎ ሜትር በሚረዝም የባሕር ሥር ዋሻ ይለቀቃል፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም በራሱ ላቦራቶሪ ያረጋግጣል።

ሩዙ ግን በናሙና ብቻ አልታለፈም። ከ2012 አዝመራ ጀምሮ በፉኩሺማ የሚመረተው እያንዳንዱ 30 ኪሎ ከረጢት በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ተጭኖ በመለኪያ ሥር አለፈ፤ በዓመት 10 ሚሊዮን ያህል ከረጢት። በመጀመሪያው ዓመት ከጣሪያው ያለፉት 71 ነበሩ፣ በሁለተኛው 28፣ በሦስተኛው 2። ከ2015 ጀምሮ አንድም አልተገኘም። በ2020 አብዛኛው ክፍለ ሀገር ወደ ናሙና ፍተሻ ሲመለስ፣ ሕዝባቸው ተፈናቅሎ በነበረባቸው 12 ወረዳዎች ግን ከረጢቱ ሁሉ መለካቱን ቀጠለ።