በሌላ ስም ማፍቀር

በካምፓላ ናሙዎንጎ ሰፈር በቪዲዮ ቤት የባሕር ማዶ ፊልም ሲታይ፣ አንድ ሰው ማይክሮፎን ጨብጦ ታሪኩን በሉጋንዳ ይተረጉማል፤ የራሱንም ቀልድ ይጨምርበታል። ሉጋንዳ የማይሰማ እንግዳ ሌላው ሲስቅ አብሮ ይስቃል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ቋንቋውን ለማይሰማም ስለሚያስቅ አንድ የቆየ ፊልም ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ፊልሙ በ1959 የወጣው «ሰም ላይክ ኢት ሆት» ነው። በ1929 በቺካጎ ሁለት ችግረኛ ሙዚቀኞች ወንበዴዎች ሰው ሲረሽኑ ሳያስቡት ያያሉ። ገዳይ ምስክር አይተውምና ቀሚስ ለብሰው፣ የሴት ስም አውጥተው፣ ከሴቶች የሙዚቃ ባንድ ጋር በባቡር ወደ ፍሎሪዳ ይሸሻሉ። ፈተናው እዚያው ባቡር ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ማሪሊን ሞንሮ የምትጫወታት ዘፋኝ፣ ሹገር። ጆ ይወዳታል፤ ወንድ ነኝ ቢል ግን ሞቱ ነው። ስለዚህ ሊያማልላት ሌላ ሰው ይሆናል፤ የነዳጅ ከበርቴ ነኝ ብሎ በሰው መርከብ ይጋብዛታል። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋን ነገር ወደ ሳቅ እንደ ለወጠው፣ ይህም ፊልም የሚያስቀው በፍርሃት ላይ ቆሞ ነው። በሰው ስም ድንበር ተሻግሮ፣ በዚያው ስም ተዋድዶ፣ እውነተኛውን መቼ እንደሚነግራት ሌሊት የሚያሰላስል በመካከላችን አይጠፋም።

አዘጋጁ ቢሊ ዋይልደር ራሱ ስደተኛ ነበር። በ1906 ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ባለችው ሱሃ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በርሊን ውስጥ የፊልም ድርሰት ሲጽፍ ሂትለር ሥልጣን ያዘና በ1933 ወደ ፓሪስ፣ በ1934 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የጎብኚ ፈቃዱ ሲያልቅበት ሜክሲኮ ወጥቶ በሜክሲካሊ ከተማ ከአሜሪካው ቆንስል ፊት ቀረበ። በቂ ወረቀት አልነበረውም። ቆንስሉ ሥራውን ጠየቀው፤ ፊልም እጽፋለሁ አለ። እንግዲያው ጥሩ ጥሩውን ጻፍ ብሎ ማኅተሙን መታለት። ዋይልደር ይህን በ1988 የክብር ሽልማት ሲቀበል ተናግሯል። ማኅተም ስንት ዓመት እንደሚያስጠብቅ ለምናውቅ ለእኛ ተረት ይመስላል! እናቱ፣ አያቱና የእንጀራ አባቱ ግን አልወጡም፤ ናዚዎች ጨረሷቸው።

ፊልሙም ያለ ፈቃድ ነው የወጣው፤ የሆሊውድ ሳንሱር አላጸደቀውም።

ብዙ ሰው የሚያነሣው የመጨረሻውን ቀልድ ነው። እኔ የምወደው ከዚያ ቀደም ያለውን ነው። ወንበዴዎቹ ደርሰውበት ሊያመልጥ ሲል ጆ ሹገር መድረክ ላይ በኀዘን ስትዘፍን ይሰማል። ገዳዮቹ እየፈለጉት፣ ቀሚሱን እንደ ለበሰ፣ ወጥቶ ይስማታል። ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገባታል።