እሪታው ለማን ይደርሳል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ቀርቦላችሁ ከሆነ ይዛችሁ ተቀመጡ።

በቀደም እዚህ ታቦር ሰፈራችን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን አገኘኋት። ኤርፖርት ውስጥ ነው የምትሠራው። አብራሪ አይደለችም፣ አስተናጋጅም አይደለችም። የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ተቀብላ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ የምታሰማራ ናት። "ጋሼ፣ የሁሉም ሥራ ታሪክ ይጻፋል፤ የኛስ ታሪክ አለው?" አለችኝ። አለው እንጂ! ግን ተበታትኖ ነው ያለው፤ የሌላ ሰው ታሪክ ኅዳግ ላይ። እስቲ ትንሽ ልሰብስበው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአየር መንገድ ቤት "ዲስፓቸር" ካላችሁ የበረራ እቅድ የሚያወጣው ሰው ነው የሚመጣላችሁ። የኔዋ ተማሪ ሥራ ሌላ ነው። በአማርኛ የሚቀርበው "ስምሪት" ይመስለኛል። ስልኩን ታነሣለች፣ ትሰማለች፣ ታሰማራለች። እኔም ስምሪት እያልኩ እቀጥላለሁ።

እንግዲህ አገራችን ከስልክ በፊት የአደጋ ጥሪ ነበራት፤ እሪታ ይባላል። ቤት ሲቃጠል፣ ሌባ ሲገባ፣ ሰው ገደል ሲገባ እሪ ይባላል፤ የሰማው ሁሉ ያለውን ይዞ ይሮጣል። ሥርዓቱ ቁጥር አይፈልግ፣ ካርድ አይፈልግ። ችግሩ ሰሚ ከሌለ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ "እሪ በከንቱ" የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ስሙ የወጣው እዚያ ገደላ ገደል ውስጥ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበር ነው ይባላል። የስምሪት ክፍል ማለት፣ በኔ ትርጉም፣ እሪታ በከንቱ እንዳይቀር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የተቀመጠበት ክፍል ነው።

ስልክ መኖሩ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። በ1935 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ዊምፖል ስትሪት ላይ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። ጎረቤት ስልክ ደውሎ ነበር፤ ግን ስልክ ቤቱ ወረፋ ላይ አስቀመጠው። በንዴት ለጋዜጣ ጻፈ፤ ጉዳዩ ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1937 ለንደን ላይ 999 ተጀመረ። አሜሪካኖች 911ን የጀመሩት ከዚያ ብዙ ዘግይተው በ1968 ነው፤ ያውም በአላባማ ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የጨነቀው ሰው የሚያስታውሰው አንድ ቁጥር፣ ከሌላው ስልክ ቀድሞ የሚነሣ። እኛ ጋ እስከ ዛሬ አደጋው ራሱ ቁጥር ያስመርጣችኋል። አዲስ አበባ እሳት ከሆነ 939፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። አንድ መኪና ተጋጭቶ ቢቃጠልና ሰው ቢጎዳ በየትኛው ትጀምራላችሁ? እኔ እንጃ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለዘመዱ ነው።

ኤርፖርት ውስጥ ግን ይህ ጣጣ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ምክንያቱም ሰዓት የለም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደንብ (አባሪ 14 ይሉታል) የኤርፖርት እሳት አደጋ መኪና ከጥሪው ጀምሮ በ3 ደቂቃ ውስጥ ማኮብኮቢያው የትኛውም ጫፍ ደርሶ አረፋ መርጨት መጀመር አለበት። የሚመከረው ደግሞ 2 ደቂቃ ነው። ልብ በሉ፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው መኪናው ሞተር ሲያስነሣ አይደለም፤ ጥሪው ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ደቂቃ የመጀመሪያዋ የምትበላው ስልክ በያዘው ሰው እጅ ነው። እሱ "እ? የት? ድገምልኝ" ባለ ቁጥር ሜትሮች ይቃጠላሉ።

ከማማው የሚመጣው ጥሪ አጭር ነው። የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ችግሩ ምንድነው፣ በየትኛው ማኮብኮቢያ፣ ስንት ደቂቃ ቀረው፣ ምን ያህል ነዳጅ ይዟል፣ አደገኛ ጭነት አለው ወይ፣ ስንት ነፍስ ተሳፍሯል። "ስንት ሰው" አይባልም፣ "ስንት ነፍስ" ነው የሚባለው። አስከሬን በሣጥን የሚጭን አውሮፕላን ስላለ፣ ለማዳን የሚሄደው ሰው በሕይወት ያለውን ብቻ እንዲቆጥር ነው ይላሉ። አማርኛችን ይህን ለመቀበል ምንም አልተቸገረም፤ እኛም ድሮ "ስንት ነፍስ ታስተዳድራለህ" ነበር የምንለው።

ሌላ ደግሞ ሰዓት አለ። ይሄን ስታጫውተኝ ሳቅኩ፤ በኋላ ግን አሰብኩበት። ያው አንድ ቅጽበት እኛ አገር ሦስት ስም አለው። ገበሬው "ከሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት" ይላል። ፈረንጁ 8:38 ይላል። የማማው መዝገብ 05:38 ብሎ ይጽፋል፤ የዓለም የጋራ ሰዓት ነዋ። ቋንቋውም እንደዚያው። አብራሪና ማማ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፣ እሳት አደጋው በአማርኛ፣ ከአጥሩ ውጪ ያለው ደዋይ ደግሞ እንደ አገሩ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ እኛ ዘንድ ሲሆን በሲዳምኛ። መሀል ላይ የተቀመጠችው ልጅ አስተርጓሚ ናት ማለት ነው፤ ማዕረጉ ላይ ባይጻፍላትም።

ወደ ራሳችን ታሪክ ልምጣ።

ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም.። ይህን ቀን በክፍል ውስጥ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው በነ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራቱ ነው። ሰባት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጠለፉ፤ አየር ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ የእጅ ቦምብ ፈነዳ፣ ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ። ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ ስንከራከር ዓመታት አሳልፈናል። ጥሩ። ግን አውሮፕላኑ ተቦዳድሶ፣ ቁስለኞች ይዞ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ በሰላም አርፏል። አንድ የተጎዳ ጄት ሲመለስ መሬት ላይ ምን እንደሚያስፈልግ አስቡት፦ ማኮብኮቢያው መጽዳት አለበት፣ እሳት አደጋው ቦታ መያዝ አለበት፣ ሐኪም መጠራት አለበት፣ ፖሊስ መጠራት አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ሰው እጀታ አንሥቶ ይናገረዋል። በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ያ ሰው አንድ መስመር አላገኘም።

ከዚያ በጣም የሚከብደኝ ባሕር ዳር ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ገና በቤቱ ሳለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ያረፈው ቦይንግ 737 ወደ አስመራ ሊቀጥል ተንደረደረ። ልክ ሲነሣ የእርግብ መንጋ ገባበት፤ ሁለቱም ሞተሮች እርግብ ዋጡ። አብራሪው ዞሮ ሊመለስ ሞከረ፤ ሁለቱም ሞተሮች ከዱት። ከኤርፖርቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሆዱ መሬት ላይ አሳረፈው፤ ከዚያ እሳት ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35 መንገደኞች ሞቱ። ስድስቱ የበረራ ሠራተኞች ተርፈዋል።

አሁን ያንን የ3 ደቂቃ ደንብ አስታውሱት። ደንቡ የተጻፈው ለማኮብኮቢያ ነው። በኤርፖርቱ ስምሪት ክፍል የተሰቀለው ካርታ በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ "ካሬ ሐ-4" ከተባለ ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ግን ካርታ አያነብም። 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ማሳ ላይ ሲወድቅ ጥሪው ከኤርፖርቱ እጅ ይወጣና የከተማው ይሆናል፤ የሆስፒታሉ፣ የፖሊሱ፣ የገበሬው። ያኔ ጥያቄው "ስንት መኪና አለን" ሳይሆን "ማንን እናውቃለን፣ ስልኩስ ይሠራል ወይ" ነው።

(የወፍ ነገር ከተነሣ ለሐዋሳ ልጆች አንድ ነገር ልበል። የባሕር ዳሯ እርግብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አትሞላም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚንጎራደዱትን አባ ኮዳዎች ግን ታውቋቸዋላችሁ፤ ትልቁ 9 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ሐይቅ ዳር ከተማ ሠርታችሁ ኤርፖርት ከሠራችሁ ወፍም ደንበኛ ነው። ስለዚህ "ማኮብኮቢያው ላይ ወፍ አለ" የሚለው ጥሪ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም።)

በኮሞሮሱ አደጋ ደግሞ የስምሪት ክፍል ጭራሽ አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሦስት ጠላፊዎች የያዙት ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ካፒቴን ልዑል አባተ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ቀድሞ የደረሰው ማን ነበር? የባሕር ዳርቻው ሆቴል እንግዶችና የአካባቢው ሰዎች፣ በጀልባ። ለዕረፍት የመጡ ሐኪሞችም ነበሩበት። በዓይን የታየ ነገር ጥሪ ሆነ፤ የድሮው እሪታ ማለት ነው።

በተቃራኒው ሙሉ ኤርፖርት፣ ሙሉ እሳት አደጋ እያለ ወሬ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ተነሪፍን አንብቡ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ሁለት ቦይንግ 747 በጉም ውስጥ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጩ፤ 583 ሰው ሞተ። እሳት አደጋዎቹ ጉሙን ሰንጥቀው የሚነድ አውሮፕላን አገኙ፤ ከእሱ ማንም የሚተርፍ አልነበረም። ራቅ ብሎ ሌላ ብርሃን ሲታይ መጀመሪያ የዚያው ስባሪ ነው ብለው ነበር። ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። በሕይወት የተረፉት 61 ሰዎች በሙሉ ያሉት እዚያኛው ውስጥ ነበር። ውኃም ነበር፣ መኪናም ነበር፤ የጎደለው "ሁለት ናቸው" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ሁላችንም የት እንደነበርን እናስታውሳለን። በረራ 302 ከቦሌ በ8:38 ተነሣ፤ በ8:44 ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ መሬት ገባ። ስድስት ደቂቃ። 157 ነፍስ። አብራሪዎቹ ልንመለስ ብለው ጠይቀው ነበር። በአየር ትራፊክ ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ሰዓት ሦስት ደረጃ አለው፦ ኢንሰርፋ፣ አለርፋ፣ ዲትረስፋ ይሏቸዋል። በኛ ቋንቋ ጥርጣሬ፣ ስጋት፣ አደጋ እንበላቸው። ድምፅ ሲጠፋ ጥርጣሬ፤ አሁንም ሲጠፋ ስጋት፤ ተስፋ ሲቆረጥ አደጋ። ስለዚያ ቀን የሶፍትዌሩ ታሪክ ብዙ ተጽፏል፣ መጻፍም አለበት። እኔ ግን የማስበው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝም ያለ ሬዲዮ ፊት የተቀመጠውን ሰው ነው። የሚያሰማራበት ቦታ የለውም፤ እሳቱን ያየው ገበሬው ነው፣ ገበሬው ደግሞ የማማውን ስልክ ቁጥር አያውቅም። የሁለቱ ርቀት ከ60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይበልጣል።

ሁሉም ግን ሐዘን እንዳይመስላችሁ። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ረዳት አብራሪው ራሱ ጠልፎ ጄኔቭ የወሰደውን አውሮፕላን አስታወሳችሁ? 202 ሰው ነበረበት፣ ሁሉም በሰላም ወረዱ። ያጀቡት የጣልያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ነበሩ። የስዊዞቹስ? የስዊዝ አየር ኃይል ያኔ ለዚህ ዓይነቱ ግዳጅ የሚነሣው በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የምሳ እረፍትም ነበረው! ዓለም ሳቀባቸው፤ በኋላ እነሱም ቀን ከሌት ወደሚሠራ ተረኛ ሥርዓት ገቡ። የስምሪት ክፍል ሌሊት ተኝቶ የሚያድር ቢሆን ኖሮ ያ ጠዋት ጄኔቭ ላይ ማን ስልክ ያነሣ ነበር?

ለተማሪዬ የነገርኳት ይህን ያህል ነው። የቀረውን እናንተ ጨምሩልኝ። በተለይ በ1965 ቦሌ፣ በ1981 ባሕር ዳር ኤርፖርት በስልክ ቤት፣ በእሳት አደጋ፣ በማማ ወይም በሆስፒታል ተረኛ የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ እናታችሁ የነበሩ ካላችሁ፣ ያን ቀን መጀመሪያ ምን ሰማችሁ? ማንን ጠራችሁ? ስንት ሰዓት ላይ? በኮሜንት ለመጻፍ የሚከብዳችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁን ሳልጠቅስ እመዘግበዋለሁ፤ ደብተሩን ገዝቻለሁ።