ከአውጫጭኝ እስከ አሻራ፦ ለፎረንሲክ ሳይንስ ታሪካዊ መግቢያ



በዛሬው ንግግሬ ፎረንሲክ ሳይንስን እንዳስተዋውቃችሁ ተጠይቄያለሁ። ስለ ቤተ ሙከራና ስለ ማይክሮስኮፕ እንደምናገር ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና የምጀምረው ከዚሁ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው።

ያደግሁት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ሌሊት ከደጁ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ጎሕ ሲቀድ አገሩ ተሰበሰበ፤ ግቢው በለቀስተኛ ተረገጠ፤ አስከሬኑ ታጥቦ ተገነዘ፤ በዚያው ዕለት ተቀበረ። እኛ ልጆች ከአጥሩ ሥር ሁለት ቀለህ አግኝተን መጫወቻ አደረግናቸው። ከዚያ ወዲያ የቀረው ማስረጃ የሰው አፍ ብቻ ነበር። ስሙ በሐሜት የተነሣ አንድ ሰው የሟችን ወገኖች ብቀላ ፈርቶ ከነቤተሰቡ አገር ለቀቀ። ገዳይ እርሱ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የጠመንጃ መምቻ በቀለህ ላይ የራሱን ምልክት እንደሚተው፣ ያም ምልክት ከተጠረጠረ መሣሪያ ጋር ሊነጻጸር እንደሚችል ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይህን ስል አባቶቻችን እውነትን የሚፈልጉበት ሥርዓት አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም። አውጫጭኝ ነበራቸው። በደል ደርሶ በዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ይምላል፤ በየተራ ይጠየቃል። የሚያውቀውን በገሃድ ለመናገር የፈራ ሰው ቃሉን በምስጢር ያደርስ ነበርና ይህ «የወፍ ቃል» ይባል ነበር። ሥርዓቱ ወንጀልን የማኅበረሰቡ ሁሉ ጉዳይ ማድረጉ ብርታቱ ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ የተከሰሰው ሰው ወፏን መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቃት አይችልም። ከዚህ የከፋው ሌባሻ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠውና በወገቡ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። አውጫጭኝ ቢያንስ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ሌባሻ ግን ዕውቀትንም አይሻም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ የተለየ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና ኔኮቼያ በምትባል ከተማ የፍራንሲስካ ሮሃስ ሁለት ልጆች ተገድለው ተገኙ። እናትየው ጎረቤቷን ከሰሰች። ሰውየው ክፉኛ ቢሠቃይም አላመነም። በኋላ አንድ መርማሪ በበሩ ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ አገኘ። ሁዋን ቩሴቲች በዘረጋው ዘዴ ሲመረመር አሻራው የእናትየዋ የራሷ ሆነ፤ እርሷም አመነች። በአሻራ ማስረጃ እልባት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ የግድያ ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ አሻራው ወንጀለኛዋን ከማጋለጡ ባሻገር ንጹሑን ሰው ነጻ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የፖሊስ ቤተ ሙከራ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር ያስተማረውም የዚህን መሠረት ነው፦ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ዱካ ይተዋል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ይህ ዕውቀት ከዚያችው ከአርጀንቲና ወደ አገራችን መጣ። በ1984 ዓ.ም. የደርግን ወንጀሎች የሚመረምር ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ ነበር። በራሳቸው አገር በወታደራዊው አገዛዝ የተሰወሩ ወገኖቻቸውን አፅም ሲፈልጉ የኖሩት የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ሊያግዙት መጡ። በ1986 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኮተቤ የጅምላ መቃብር ሲከፈት ገመድ በአንገታቸው ዙሪያ የቀረ አፅሞች ተገኙ። ከዳሌ አጥንት ጾታን፣ ከጥርስ ዕድሜን፣ ከገመዱ የአገዳደሉን ስልት ማንበብ ተቻለ። የማኅደር ወረቀት ትእዛዙን ይናገራል፤ አጥንት ደግሞ የተፈጸመውን። ለዓመታት ልጇ የት እንደ ወደቀ ላላወቀች እናት አፅሙን አግኝቶ መቅበር ከፍርዱ ያላነሰ ነገር ነበር።

ሕጋችንም ለዚህ ዕውቀት በሩን ከዘጋ አያውቅም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 የሐኪም ምርመራንና የደም ምርመራን ይፈቅዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም ይላል። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ አንብቧቸው። መርማሪ አጥንትንና ቀለህን ማናገር ካልቻለ የሚቀረው ሰውን ማናገር ነው፤ ሰውን ብቻ የማናገር ልማድ ደግሞ ወደ ማስገደድ ያዘነብላል።

ሳይንሱ ግን አይሳሳትም ብላችሁ እንዳትወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያዎቹ ስለ ፀጉር ንጽጽር በፍርድ ቤት ከሰጡት ምስክርነት በተገመገመው ውስጥ ቢያንስ ዘጠና በመቶው ስሕተት እንደ ነበረበት አምኗል። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሌባሻም አለ። ባለሙያን እንዴት አወቅህ ብሎ መጠየቅ የዳኛም የተማሪም ግዴታ ነው።

የተራቀቀው ቤተ ሙከራ በአዲስ አበባ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የማስረጃው ዕጣ የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊት፣ እዚሁ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ለቀስተኛው ከመግባቱ በፊት ስፍራውን በገመድ መከለል፣ ቀለሁን ሳያነሡ ፎቶ ማንሣት፣ በደም የራሰውን ልብስ በላስቲክ ጠቅልሎ ከማሻገት አድርቆ በወረቀት ማሸግ፣ ማን ለማን መቼ እንዳስረከበ በፊርማ መመዝገብ፤ እነዚህ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ልቅሶን መከልከልም አያስፈልግም። ቄሱም፣ ሽማግሌውም፣ የጤና ባለሙያውም ምክንያቱን ከተረዱ ይተባበራሉ።

ከእናንተ መካከል ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ሐኪም፣ መምህር ሆናችሁ ወደ ገጠር የምትመለሱ አላችሁ። አገር ለቆ የተሰደደው የዚያ ሰው ልጆች ዛሬ በእኔ ዕድሜ ናቸው። አባታቸው ገዳይ ይሁን የሐሜት ሰለባ ማንም ሊነግራቸው አይችልም፤ ሊነግሯቸው ይችሉ የነበሩትን ሁለት ቀለሆች እኛ ልጆች ተጫውተን ጥለናቸዋል።