ለክንድ ትግል የትኛው ከርል ይሻላል?

ጂም ገብቶ ዓመት ሙሉ ከርል የሰራ፣ የቲሸርቱ እጅጌ የጠበበው ልጅ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከጫኝና አውራጅ ጋር ክንድ ሲገጥም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ያውም በልጁ ሽንፈት። ልጁ ባይሴፕስ አለው፤ ኩንታል ሲሸከም የሚውለው ሰውዬ ግን ጣትና የእጅ አንጓ አለው። በክንድ ትግል መጀመሪያ የሚሸነፈው አንጓ ነው። አንጓ አንዴ ወደ ኋላ ከታጠፈ ባይሴፕሱ የቱንም ያህል ቢያብጥ ጉልበቱ ተጋጣሚው እጅ ላይ አይደርስም።

ስለዚህ "ስንት ኪሎ ታነሳለህ?" ከማለት በፊት "እንዴት ይዘህ ነው የምታነሳው?" ማለት ይቀድማል።

መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ የሚሰራው የተለመደው ከርል በዋናነት የሚያጠነክረው ባይሴፕስን ነው። ጥቅም የለውም አንልም። ሁክ በሚባለው ስልት፣ ማለትም አንጓውን ወደ ውስጥ ቆልፎ ተጋጣሚውን ወደ ራሱ እየጎተተ ለሚታገል ሰው በጣም ያስፈልጋል። ችግሩ አብዛኞቻችን ስንሰራው አንጓችን ወደ ኋላ ተንጋሎ መሆኑ ነው። ለጠረጴዛ ከሆነ ክብደቱን ቀንሱና አንጓችሁን ወደ ውስጥ እንዳጠፋችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዙት። ያኔ ትናንት የቀለላችሁ ብረት ዛሬ ይከብዳችኋል።

አንድ ከርል ብቻ ምረጡ ብትሉን ግን የእኛ ምርጫ ሀመር ከርል ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ፣ መዶሻ እንደያዛችሁ ማለት ነው። ይሄ አያያዝ ከባይሴፕስ ሥር ያለውን ብራኪያሊስን እና ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ ተነስቶ በአውራ ጣት በኩል እስከ አንጓ የሚወርደውን ብራኪዮራዲያሊስን በደንብ ያሰራል። የካናዳዊው ዴቨን ላራት ዓይነት ተጋጣሚዎች የሚታወቁበት ቶፕሮል፣ የተጋጣሚን ጣቶች ከላይ በኩል እየከፈቱ አንጓውን ማጠፍ፣ የሚቆመው በነዚህ ጡንቻዎች፣ በጣቶችና መዳፍን ወደ ታች በሚያዞሩት ጡንቻዎች ላይ ነው። ጀርመናዊውን ማቲያስ ሽሊተን ቪዲዮ ላይ ካያችሁት ትገረማላችሁ። ቀኝ ክንዱ ከልደቱ ጀምሮ ከግራው በግልጽ ይገዝፋል፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ከክርን በታች ነው።

መዳፍን ወደ ታች አድርጎ የሚሰራው ከርልም አለ። ቀለል ባለ ክብደት ጨምሩት፣ የክንድን የውጭ ጡንቻዎች ያጠነክራል።

ሌላው ነገር ማዕዘን ነው። ጠረጴዛ ላይ ክርናችሁ 90 ዲግሪ አካባቢ ታጥፎ ይቆያል፤ እንደ ጂም ወርዶ አይወጣም። ስለዚህ ሙሉውን ከርል ከሰራችሁ በኋላ የመጨረሻውን ዙር 90 ዲግሪ ላይ አቁማችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙ። ክርን ከፊት ተደግፎ የሚሰራው ፕሪቸር ከርልም ከጠረጴዛው አቀማመጥ ጋር ይቀራረባል።

ጂም መክፈል ካልቻላችሁ ጀሪካን አለ። ባለ 20 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ለጀማሪ በአንድ እጅ ይከብዳል፤ በ5 ሊትሩ ጀምሩ፣ ሲቀላችሁ አሸዋ ሙሉበት። ፎጣ በእጀታው አሾልካችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ጨብጣችሁ ሀመር ከርል ስሩ። ፎጣው ወፍራም ስለሆነ ጣታችሁም አብሮ ይሰራል። እንደውም ለዚህ ስፖርት ከብዙ ውድ ዳምቤል ይሻላል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃል። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። የክርናችሁ የውስጥ ጎን መጠዝጠዝ ከጀመረ ሳምንት አርፋችሁ ክብደት ቀንሱ። "ላብ ሲለኝ ይለቀኛል" እያሉ የቀጠሉ ልጆች ወራት ሲያጡ አይተናል።

ከርል የማያድናችሁ ነገርም አለ። በክንድ ትግል የላይኛው ክንድ አጥንት፣ በትከሻና በክርን መሀል ያለው፣ ተጠማዞ ሊሰበር ይችላል። አደጋው የሚመጣው እጃችሁ ወደ ውጭ እየሄደ ትከሻችሁ ወደ ውስጥ፣ ፊታችሁ ወደ ሌላ ሲዞር ነው። ዓይናችሁ ከእጃችሁ አይለይ፣ ትከሻችሁ ከእጃችሁ ጋር አብሮ ይዙር፤ እየተሸነፋችሁ ከሆነ ደግሞ ልቀቁት። ተመልካች ቢጮህም ልቀቁት።

"ቋ" የሚል ድምፅ ከተሰማ እጁን ባለበት አስደግፋችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ራጅ ይነሳ። በስብራቱ አጠገብ የሚያልፍ ነርቭ ስላለ አንጓውን ወደ ላይ ማንሳት ከቻለ ወይም ካልቻለ ለሐኪሙ ንገሩ። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት፣ በቀርከሃም አታሳስሩት። ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች እዚሁ አገራችን አሉ።